ክረምቱን ናይሮቢ፣ ማታሬ ውስጥ ሕፃናትን በበጎ ፈቃድ ለማስተማር፦ ምን ላሟላ? ምንስ ልተው?

መምህርት_ከአዳማ፦

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን ድረስ ናይሮቢ ሄጄ ማታሬ በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት በነፃ ለማገልገል አስቤአለሁ። ክፍሎቹ ከቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስድስተኛ ክፍል ያስተምራል፤ ልጆቹ 180 ያህል ይሆናሉ። የማርፈው ኢስሊ ዘመዶቼ ቤት ነው። እንግሊዝኛዬ ለክፍል ይበቃል፤ ስዋሂሊ ግን ከሰላምታ አያልፍም።

ኢትዮጵያዊ ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል ሲባል እሰማለሁ፤ ለበጎ ፈቃድ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል ወይ? በስምንት ሳምንት ልጆቹን በእውነት የሚጠቅም ምን ማስተማር ይቻላል? ርዕሰ መምህሯ ጠዋት ጠዋት ኡጂ የሚባለውን የልጆቹን ምግብ በማብሰሉም እንዳግዝ ጠይቃኛለች። ደብተርና ልብስ ከዚህ ጭኜ ልሂድ? በዚያው አካባቢ ያለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ መጥተሽ ከልጆቹ ጋር ተጫወቺ ብሎኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።

ጁጃ_ሮድ፦

እህቴ፣ ከወረቀቱ በፊት ቀን መቁጠሪያውን እንይ። ኬንያ ውስጥ እኛ የምናውቀው የክረምት ዕረፍት የለም። የትምህርት ዘመኑ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ይጀምርና በሦስት ተርም ይከፈላል። ሁለተኛው ተርም የሚያልቀው ሐምሌ 25 አካባቢ ነው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ገደማ አርፈው ሦስተኛው ተርም ነሐሴ 19 አካባቢ ይከፈታል። ቀኑን የትምህርት ሚኒስቴሩ በየዓመቱ ስለሚያወጣው ርዕሰ መምህሯን ጠይቂና አረጋግጪ። ስለዚህ ጊዜሽ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ ክፍል የሚካሄድበት ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ዕረፍቱ፣ ከዚያ አዲሱ ተርም ሲከፈት የሚቀሩሽ ቀናት። ዕረፍቱን እንደባከነ ጊዜ አትቁጠሪው፤ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ጋር ሳትጋፊ ልጆችን ሰብስበሽ ማስተማር የምትችዪው ያኔ ነው።

ሰኔ 30 ቀን ናይሮቢ አትግቢ። በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ላይ ይውላል፤ ሳባ ሳባ ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. የ1990ው የመድብለ ፓርቲ ሰልፍ መታሰቢያ ነው። መሀል ከተማ የሚያስገቡ መንገዶች የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ከሐምሌ 1 በኋላ ያለ ቀን ያዢ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ያለ ቪዛ መግባትና መሥራት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የኬንያ ኢሚግሬሽን ሕግ የውጭ ዜጋ ያለ ፈቃድ ሥራ እንዳይሠራ ሲከለክል፣ ጥቅም ቢገኝበትም ባይገኝበትም ብሎ ነው። በነፃ ነው የማገለግለው ማለት አያድንም። ለአጭር ጊዜ የሚጠየቀው ስፔሻል ፓስ የሚባለው ነው። አመልካቹ ተቀባዩ ድርጅት ነው፣ ማመልከቻውም በኢንተርኔት ይገባል። ትምህርት ቤቱ ሕጋዊ ምዝገባ ከሌለው ማመልከት አይችልም። ያን ጊዜ የተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን ወይም ማኅበር በስሙ ያመልክትልሽ፤ ያም ካልተገኘ ጉዞውን ለሚቀጥለው ዓመት ብታደርጊው ይሻላል። ከአንቺ በኩል የሚፈለገው ከስድስት ወር በላይ የሚያገለግል ፓስፖርት፣ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ ቅጂና የጥሪ ደብዳቤ ነው። ከፌዴራል ፖሊስ በአሻራ የሚሰጠውን ከወንጀል ነፃ ማስረጃም በእንግሊዝኛ አውጪ። ባይጠይቁሽ እንኳ አንቺው አቅርቢ፤ ከልጅ ጋር የሚሠራ ሰው ማንነቱ መታወቅ አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመሽ ውሰጂ፣ ቢጫ ካርዱ ከእጅሽ አይለይ። ፌስታል በሻንጣሽ አትያዢ፤ በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው።

ኢስሊ ማረፍሽ ጥሩ ነው፤ ጁጃ ሮድን ተሻግረሽ ቁልቁል ስትወርጂ ማታሬ ነው። ቅርብ ነው ተብሎ ግን ብቻ አይገባም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከትምህርት ቤቱ ሰው ወይም ከአንዲት የልጆች እናት ጋር ግቢ፣ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ። ርዕሰ መምህሯ ለመንደሩ ሽማግሌና ለአካባቢው ቺፍ (የመንግሥት አስተዳዳሪ) ታስተዋውቅሽ። ይህ ከሥነ ሥርዓትም በላይ ጠቃሚ ነው፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ማን መሆንሽን የሚናገርልሽ ሰው ይኖርሻል። በኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት በፊት ውጪ። በነገራችን ላይ ስዋሂሊ የሚናገር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው፤ ሳ ምቢሊ ካለሽ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲነግርሽ ግን ስምንት ይልሻል። ቀጠሮ ስትይዢ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ልብ በዪ።

ሐምሌ ናይሮቢ ዝናብ እምብዛም የለም፣ ብርዱ ግን የጠና ነው። በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጠዋት ሹራብ ያስፈልግሻል።

ንባብ_ከመሠረቱ፦

ምን ላስተምር ላልሽው ልመልስ። ዘፈን፣ ሥዕልና ኳስ ይዞ የሚመጣ እንግዳ እዚያ አይጠፋም፤ የጠፋው ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ ማንበብ ያልቻለውን ልጅ ቁጭ ብሎ የሚያስነብብ ሰው ነው። አንቺ ደግሞ የታችኛ ክፍል መምህርት ነሽ፤ በተጨናነቀ ክፍል፣ በጥቂት መጽሐፍ ማስተማር ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሙያሽ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው ፕራታም የተባለው የህንድ ድርጅት የጀመረው፣ አፍሪካም ውስጥ የተስፋፋው ነው፦ ልጆችን በዕድሜና በክፍል ሳይሆን አሁን ባሉበት የንባብ ደረጃ መመደብ። መጀመሪያ መመዘኛ ወረቀት ታዘጋጃለሽ፦ አሥር ፊደል፣ አሥር ቀላል ቃል፣ አራት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ፣ ከዚያ ከሰባት እስከ አሥር ዓረፍተ ነገር ያለው አጭር ታሪክ። በስዋሂሊ አንድ፣ በእንግሊዝኛ አንድ። ስዋሂሊውን ራስሽ ከኢንተርኔት አትልቀሚ፤ እዚያ ያለችው መምህርት ትጻፈው፣ ሁለተኛዋ ትረመው። የከተማው ልጆች እርስ በርስ የሚያወሩት ሸንግ (ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት የጎዳና ቋንቋ) ነውና መጽሐፍ ላይ ያለውን ቃል የማያውቁበት ጊዜ አለ።

ልጁን ለብቻው፣ ሌሎቹ በማይሰሙበት ጥግ አስቀምጪ፤ በር ክፍት፣ ሰው በሚያይሽ ቦታ ይሁን። ከአንቀጹ ጀምሪ። ከሦስት ስሕተት ሳያልፍ እንደ ዓረፍተ ነገር ካነበበ ወደ ታሪኩ ውሰጂው። ካልቻለ ወደ ቃላቱ፦ ራሱ መርጦ አምስት ያንብብ፣ አራቱን ካወቀ የቃል ደረጃ ነው። ያም ካቃተው ፊደል፣ አሁንም ከአምስት አራት። ፊደሉንም ካልለየ ጀማሪ ነው። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የወረቀቱ ሦስት ዓይነት ቅጂ ይኑርሽ፤ አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ ሦስተኛው ልጅ ሲገባ አንቀጹ በቃል ተሸምድዶ ታገኚዋለሽ። በምዘናው ጊዜ አታርሚ፣ አትቆጪ፣ በጣም ጎበዝም አትበዪ፤ ያነበበውን ብቻ መዝግቢ።

ፊደል ደረጃ ላሉት ስዋሂሊ መልካም ዕድል ነው፤ እንደተጻፈ ይነበባል። ባ ቤ ቢ ቦ ቡ እያሉ በረድፍ የሚያስተምሩት የቀለም ገበታ አላቸው፣ የኛን ሀ ሁ ሂ የሚያስታውስ ነው። ችግሩም ያው የኛው ነው፦ ልጁ ረድፉን በዜማ ይወርደዋል፣ ጣቱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ስለዚህ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከታች ወደ ላይ፣ አልፈሽ አልፈሽ ጠቁሚ። ከዚያ ካርዶቹን አገጣጥሚ፦ ኩ እና ኩ፣ ኩኩ፤ ሜ እና ዛ፣ ሜዛ። ልጁ ራሱ ሁለት ካርድ አንስቶ ቃል ሲሠራ ነው የሚገባው። በሁለት ወይም በሦስት የላቲን ፊደል የሚጻፉትን እንደ ቻ፣ ሻ፣ ኛ ያሉ ድምፆች ከሁለተኛው ሳምንት በፊት አታስገቢ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። የስዋሂሊ አናባቢዎች አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ ናቸው። እንግሊዝኛ ሲሆን ያው ሁለተኛው ፊደል ኢ ይባላል፣ ሦስተኛው አይ ይሆናል። ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ሰዓት ካስተማርሽ ጀማሪዎቹ ሁለቱንም ያጣሉ። ስዋሂሊውን ጨርሱ፣ ውጭ ወጥተው ይጫወቱ፣ ከዚያ እንግሊዝኛው። ጀማሪና ፊደል ደረጃ ላሉት እንግሊዝኛውን ጭራሽ ለጊዜው ተዪው።

አንቀጽ ደረጃ ላሉት አንቺ ወይም መምህሯ ሁለት ጊዜ በጣት እየተከተላችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያንብቡ፣ ቀጥሎ መጽሐፉ ተዘግቶ በራሳቸው አነጋገር ይተርኩት። መተረኩ ላይ በሸንግ ቢናገሩ ተዪያቸው።

ጁጃ_ሮድ በጠቀሰው የዕረፍት ጊዜ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ ለአሥር የትምህርት ቀን። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉትን ብቻ ውሰጂ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከስድስት ዓመት ሕፃን ጎን ተቀምጦ ፊደል ቁጠር ቢባል በማግስቱ አይመጣም። ስልሳ ልጅ ካለሽ ሦስት ቡድን፣ ሦስት አዋቂ ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕቃ ከሱቅ የሚለመን ካርቶን 8 በ10 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ መቶ መቶ ካርድ ያለው ሦስት ስብስብ፣ ስድስት ወፍራም ማርከር፣ ሁለት ፓኬት ጠመኔ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ባለ 48 ገጽ ደብተር ነው። የካርዱን ቀኝ ጥግ ላይ ምልክት አድርጊበት፤ የላቲን ፊደል ሲገለበጥ ሌላ ይሆናል፣ ሕፃኑ በግልባጩ እንዳይማረው።

ዋናው የሚያፈርሰው ነገር የመምህራኑ ክፍያ ነው። እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ደመወዝ የሚከፍሉት ወላጅ ከሚያዋጣው ነው፤ በዕረፍት መዋጮ ስለማይሰበሰብ መምህሯ ያን ወር ባዶ እጇን ናት፣ ልብስ ታጥባለች ወይ ትነግዳለች። በነፃ መጥታ አብራሽ ታስተምር ማለት አይገባም። የምሳና የትራንስፖርት አበል በርዕሰ መምህሯ በኩል፣ በጽሑፍ፣ ከመሄድሽ በፊት ተስማሚ። እሷ ከሌለች አንቺ ስትመለሺ ሥራው አብሮሽ ይመለሳል።

ቁጠባ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና ሐሳቤን ልናገር። ለትኬት፣ ለፈቃድ፣ ለክትባት የሚወጣው ገንዘብ ለአንዲት የማታሬ መምህርት የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ለልጆቹ ማሰብ ከሆነ ብሩን መላክ አይሻልም? ስምንት ሳምንት ቆይቶ የሚሄድ ሰው ልጆቹን ካላመደ በኋላ ጥሎ ነው የሚሄደው።

ንባብ_ከመሠረቱ፦

ሚዛን የሚያነሣ ጥያቄ ነው። ለመጫወትና ፎቶ ለመነሣት ብቻ የሚሄድ ሰው ብሩን ቢልክ በእርግጥ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርህም። እዚህ ያለው ግን ሌላ ነው፦ አንዲት መምህርት ለሌላ መምህርት ሥራ አጋርታ፣ ልጆቹ ሁልጊዜ የሚያዩአት የራሳቸው መምህርት ሆና እንድትቀጥል ማድረግ። እንግዳዋ ክፍል ፊት ቆማ የምትታይበት ሰዓት በሳምንት በሳምንት ማነስ አለበት። ለማንኛውም ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ርዕሰ መምህሯ ትጠየቅ፦ ይህን ያህል ብር አለኝ፣ እኔ ልምጣ ወይስ ለመምህራኑ ልላክላችሁ? እንዳታፍር በጽሑፍ ትጠየቅ። ብሩ ይሻለናል ካለች እሱን ማክበር ነው።

መምህርት_ከአዳማ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደተባለው ዛሬውኑ ጽፌ እጠይቃታለሁ። ስለ ማሳደጊያውና ስለ ስጦታው የምታውቁ ካላችሁ? ኡጂውንስ?

የሕፃናት_ጥበቃ፦

ልጄ፣ ማሳደጊያውን ተዪው። ሰዎቹ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አላውቃቸውም። ግን በየሳምንቱ አዲስ እንግዳ የሚመጣበት፣ ልጆቹ ወጥተው እንዲዘፍኑ የሚደረግበት ቤት ልጆቹን የገቢ ምንጭ ማድረጉ የታወቀ ነገር ነው። በየአገሩ እንደታየው ማሳደጊያ ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ ልጆች ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው፤ ወደዚያ የሚያስገባቸው ድህነት ነው። ኬንያ ራሷ በፈረንጆቹ 2017 አዲስ ማሳደጊያ መመዝገብ አቁማለች፣ ከ2022 እስከ 2032 የሚሠራ ልጆችን ወደ ቤተሰብ የመመለስ ስትራቴጂም አላት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 ባወጣው የሕፃናት መብት ውሳኔ የማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነትንና ቱሪዝምን ጉዳት አንሥቷል። ትምህርት ቤት ግን ልጁ ማታ እናቱ ዘንድ የሚመለስበት ስለሆነ ሌላ ነው። እዚያው ጽኚ።

ትምህርት ቤቱን የሕፃናት ጥበቃ ደንብ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ከሌላቸው ከርዕሰ መምህሯ ጋር አንድ ገጽ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። የሚኖርበት ይህ ነው፦ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል አይቀመጥም። መጸዳጃ ቤት ሕፃናቱን የሚወስደው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ነው። ልጅ ቤትሽ አይመጣም፤ አንቺም ቤቱ ስትሄጂ ከመምህሯ ጋር ነው። ስልክ ቁጥርሽን ለልጅ አትስጪ። ሕፃናቱ እጅሽን ይይዛሉ፣ ይስሙሻል፣ ጭንሽ ላይ መውጣት ይፈልጋሉ፤ እጅ መያዝ ይበቃል። ለማያውቁት ሰው ሁሉ መቅረብን ካለማመድናቸው ነገ የሚመጣው ሌላ ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም።

ፎቶ በስልክሽ አታንሺ። ኬንያ በ2019 ያወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የልጅን መረጃ ለመጠቀም የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ርዕሰ መምህሯ እሺ ማለቷ የእናትየው ፈቃድ አይሆንም። ለሥራ ካስፈለገ የካርዶቹን፣ የሰሌዳውን፣ የእጅ ጽሑፋቸውን አንሺ።

አንድ ልጅ የደረሰበትን በደል ቢነግርሽ፣ ለማንም አልናገርም ብለሽ ቃል አትግቢ። አታስጨንቂው፣ ማን? የት? ስንቴ? እያልሽ አትመርምሪ፤ መርማሪው ሌላ ነው። ስለነገርከኝ ጥሩ አድርገሃል በዪው። በዚያው ዕለት የተናገረውን በራሱ ቃል፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር ጻፊ። ለተመደበችው የጥበቃ ኃላፊ ስጪ፤ የሚጠረጠረው የትምህርት ቤቱ ሰው ከሆነ በቀጥታ የሕፃናት የእርዳታ መስመር 116 ይደወላል፣ ነፃ ነው። ይህን ቁጥር ልጆቹም እንዲያውቁት ግድግዳ ላይ ይጻፍ።

ስጦታን በተመለከተ፣ ልብስ አትጫኚ። ጊኮምባ የሚባለው ትልቅ የልባሽ ገበያ እዚያው አጠገባቸው ነው። ደብተርም እዚያው ከጅምላ ሻጭ ይገዛ፤ መስመሩና ገጹ መምህራኑ የሚፈልጉት ዓይነት ይሆናል፣ ደረሰኙም በትምህርት ቤቱ ስም ይወጣል። ለአንድ ልጅ ለብቻ ከረሜላም ሆነ ብር አትስጪ። ሌላው ልጅ ያያል፣ ጎረቤት ያያል፣ ያ ልጅ መንገድ ላይ ይቀማል። ጫማ የሌለው ልጅ አይተሽ አንጀትሽ ካልቻለ ለርዕሰ መምህሯ ንገሪያት፣ እሷ ለእናትየው በሥርዓቱ ትሰጣለች፤ እናት በልጇ ፊት እንዳታፍር።

ሌላም ነገር ልብ በዪ። በፈረንጆቹ 2024 የጎርፍ ወቅት የማታሬ ወንዝ ብዙ ቤት ወስዷል፣ ከዚያ በኋላም ከወንዙ ዳር 30 ሜትር ውስጥ ያሉ ቤቶች ፈርሰዋል። በዚህ ምክንያት ሩቅ ሄደው የተከራዩ ቤተሰቦች አሉ። ልጁ ሲያረፍድ ወይም ሲቀር ሰነፍ ነው አትበዪ፤ የት እንደሚያድር መጀመሪያ ጠይቂ።

ጓዳ፦

ኡጂ የኛው አጥሚት ነው ብለሽ ውሰጂው፤ ከበቆሎ፣ ከዳጉሳ፣ ከማሽላ ይሠራል። ለ180 ልጅ ሩብ ሊትር ሩብ ሊትር ሲሰላ 45 ሊትር ይሆናል። በሊትር 110 ግራም ዱቄት ብትይዢ 5 ኪሎ ዱቄት፣ ከዚያ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ስኳር። ሁለት ባለ 30 ሊትር ድስት ከአንድ ግዙፍ ድስት ይሻላል፤ ትልቁን ሁለት ሰው ለማውረድ ሲታገል ነው የሚደፋው።

ዱቄቱን በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ፤ ደረቁን የፈላ ውሃ ላይ ከነሰነስሽው ይጓጉላል፣ ጉጉሉም ውስጡ ጥሬ ሆኖ የልጆቹን ሆድ ያውካል። ብጥብጡን በፈላው ላይ ቀስ እያልሽ አፍስሺ፣ ሳታቋርጪ አማስዪ፣ መፍላት ከጀመረ በኋላ 15 እስከ 20 ደቂቃ ይብሰል። ስኳሩ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ቀድሞ ከገባ ታቹ ይይዛል። ከሰል በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አይነድም፤ ጭሱ ባይታይም አየሩ ይገድላል። ውጭ፣ ልጆቹ ከሚሮጡበት ራቅ ተብሎ፣ ዙሪያው ታጥሮ ይሁን። ኡጂ ላዩ ቆዳ ሠርቶ የቀዘቀዘ ሲመስል ውስጡ ገና ትኩስ ነው፤ ለሕፃናቱ ከመቀዳቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ አንድ ማንኪያ እጅሽ ጀርባ ላይ ጣል አድርገሽ ሞክሪው።

ዱቄቱ ላይ አደራ። ኬንያ ውስጥ በፈረንጆቹ 2004 አፍላቶክሲን ያለበት በቆሎ 125 ሰው ገድሏል። እርጥበት ያገኘው እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመጣው መርዝ ነው፣ ማብሰል አያጠፋውም። ከሜዳ በስፍር የሚሸጠውን ትተሽ የጥራት ምልክት ያለው የታሸገ ግዢ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አስቀምጪ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚበቃ አትግዢ። ኦቾሎኒ ጨምሩበት የሚልሽ ይኖራል፤ ገንቢነቱ እውነት ነው፣ ግን ለዚሁ መርዝ ከበቆሎም ይብስ የተጋለጠ ነውና ምንጩን ካላወቅሽ ይቅር።

እጅ መታጠቢያው ከኡጂው እኩል ያስፈልጋል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከክዳኑ 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በጋለ ምስማር ይበሳል፣ በአግዳሚ እንጨት ላይ ይንጠለጠላል፣ ከአንገቱ ላይ ገመድ ታስሮ መሬት ላይ ካለ ዱላ ጋር ይያያዛል። ልጁ ዱላውን ሲረግጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ እጁ ምንም አይነካም። ሳሙናው ተበስቶ በገመድ ይንጠልጠል፤ እንዲሁ ከተቀመጠ በሁለት ቀን ይጠፋል። አንድ ብቻ ከሠራችሁ 180 ልጅ በ20 ሴኮንድ ቢታጠብ አንድ ሰዓት ይፈጃልና ልጆቹ ይዘሉታል። አራት ሥሩ።

ለተቅማጥ የታሸገ ኦአርኤስ ይኑር። ካለቀ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው መብዛት አደገኛ ስለሆነ በዓይን አትገምቺ። ደም ያለበት፣ ወይም ውሃ ብቻ ሆኖ የሚወርድ ከሆነ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ኮሌራ በናይሮቢ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ቆረቆርና እከክ ብታዪ መድኃኒት ከሻንጣሽ አታውጪ፣ ለእናቲቱ ይነገር።

ደግሞ ነሐሴ ፍልሰታ ነው። የኬንያ ሻይ በወተት ነው የሚፈላው፤ ስትሩንጊ ካልሽ ጥቁሩን ይሰጡሻል። ጊዘሪ የሚሉት የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ፣ ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) በሱኩማ ጎመን፣ እነዚህ ለጾም ይሆኑሻል። ጎመኑ በምን እንደተጠበሰ ጠይቂ።

መምህርት_ከአዳማ፦

ጋሼ፣ ማሳደጊያውን አልሄድም ብዬ መልስ ሰጥቻለሁ። ለርዕሰ መምህሯም ገንዘቡ ወይስ እኔ የሚለውን ጽፌላታለሁ፣ እየጠበቅሁ ነው። ነይ ብትለኝ፣ አዲሱ ተርም ሲከፈት በመጨረሻዎቹ ቀናት ምን ልሥራ?

ንባብ_ከመሠረቱ፦

ነሐሴ 19 ከተከፈተ እስከ ጳጉሜን ሁለት ሳምንት ገደማ አለሽ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ልጅ በሦስተኛው፣ ገና ባላዩት ቅጂ መዝኚ። ይህን ጊዜ መዛኟ መምህሯ ትሁን፣ አንቺ ከጎን ተቀመጪ፤ እሷ ስትመዝን ካልለመደችው በሚቀጥለው ተርም አትደግመውም። አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል፦ ስም፣ ክፍል፣ መነሻ ደረጃ፣ የአሁኑ ደረጃ፣ ስንት ቀን ተገኘ። ከፊደል ወደ ቃል ያለፈ ልጅ ከቆመው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ቀን እንደመጣ ታዪበታለሽ፤ ብዙ ጊዜ ያልተንቀሳቀሱት ያልመጡት ናቸው፣ ለእነሱ የሚያስፈልገው ደግሞ ሌላ ዘዴ ሳይሆን ለምን እንደቀሩ መጠየቅ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ክፍል ፊት አትቁሚ። መምህሯ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውስጥ የቡድን ንባቡን የት እንደምታስገባው አብራችሁ ፈልጉ፤ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛው ተርም ለስድስተኛ ክፍል የብሔራዊ ምዘና ወቅት ስለሆነ እነሱን ከዕቅዱ አውጡ። ካርዶቹ በሦስት የታሸገ ሣጥን፣ የምዘናው ቅጂዎችና ሰንጠረዡ በአንድ ፋይል፣ በርዕሰ መምህሯ እጅ ይቅሩ። የልጆቹን ስም የያዘ ወረቀት ይዘሽ አትመለሺ።

አሁኑኑ መጀመር የምትችዪው ደግሞ እንግሊዝኛውን መመዘኛ ነው። ዛሬ ጻፊውና ላኪላቸው፤ ስዋሂሊውን እነሱ ያዘጋጁ። ጠመኔ ከዚህ አትያዢ፣ ሻንጣ ውስጥ ይደቅቃል።